መልስ፦ ሮትዋይለር ልጆች ላሉበት ቤት ይሆናል?
ሮትዋይለር ቡችላው ሲያድግ ልጆችህን ይነክስ እንደሆነ ለጠየቅከው፣ ዝርያው ብቻውን አይወስንም። በ2022 «ሳይንስ» (Science) በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት ዝርያ የሚያስረዳው ከባህርይ ልዩነታቸው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጉልበቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ከነከሰ ጉዳቱ ከትንሽ ውሻ ይብሳል።

14 ሳምንት ሳይሞላው ከእንግዳ ሰው፣ ከልጆች ጩኸትና ከመኪና ድምፅ ጋር ቀስ እያልክ አለማምደው፤ ከፈራ ራቅ አድርገው እንጂ አትጎትተው። ሲያጉረመርም አትምታው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተመቶ ከተወው በቀጥታ ወደ መንከስ ይሄዳል። የያዘውን ነገር ከአፉ አትንጠቅ፣ በሥጋ ለውጠው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር (ብዙዎች «ኃይለኛ ይሁን» ብለው የሚያደርጉት) ፈሪና ተናካሽ ያደርገዋል። ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ከየትኛውም ውሻ ጋር፣ ገር ተብሎ የሚታወቀው የፑድል ዝርያም ቢሆን፣ ብቻቸውን አትተዋቸው።