የሸሸሁት ኩባንያ የአሁኑን ሊገዛው ነው

ጥያቄ፦ የዛሬ ስምንት ወር ከአንድ ትልቅ የሞባይል ኩባንያ ዋጋው አስመርሮኝ ወጣሁ። ቁጥሬን ይዤ ወደ አነስተኛ ተፎካካሪው ገባሁና የሁለት ዓመት ውል ፈረምኩ። ስልኬንም በዚሁ ውል በየወሩ እየከፈልኩ ነው የወሰድኩት። ሰሞኑን ያ ትልቁ ኩባንያ ይህንን ሊገዛው መሆኑን በቴክስት ነገሩኝ። ውሌ ይፈርሳል? ዋጋ ቢጨምሩብኝስ? ተራ ደንበኛ ሆኜ መቃወም እችላለሁ?

መልስ፦ ያበሽቃል። በፊት በር ያስወጡት ሰው በጓሮ ሲገባ ማየት ማለት ነው።

ከውሉ እንጀምር። ኩባንያው ስለተሸጠ ብቻ ውልዎ አይፈርስም። ገዢው አክሲዮኑን ከገዛ፣ የፈረሙለት ድርጅት ያው ራሱ ነው፤ የተቀየረው ባለቤቱ ነው። ሁለቱ ተዋህደው አንዱ ከከሰመ ደግሞ መብትና ግዴታው እንዳለ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ነገሩ የሚለየው ኩባንያው ቀርቶ ደንበኞቹ ብቻ ተነጥለው ሲሸጡ ነው። ያኔ ውልን ለሌላ ስለማስተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ። የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ እዚያ ላይ እና በአገርዎ ሕግ ይወሰናል።

አዲሱ ባለቤት የወረሰው የድሮውን ውል ስለሆነ ዋጋውንም ወርሷል። እንዳሻው መጨመር አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለምሳሌ፣ ኩባንያው የውሉን ሁኔታ በደንበኛው ላይ በሚያከብድ መንገድ ሊቀይር ሲል ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛውም ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። የስልኩ ነገር ግን ለብቻው ነው። ስልኩን ይዘው ከወጡ ቀሪ ዋጋውን ሊጠየቁ ይችላሉ። ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ውስጥ የተጻፈ ዓመታዊ ጭማሪ ካለም «ይህማ ለውጥ አይደለም፣ አስቀድመው ተስማምተውበታል» ብለው ሊከራከሩዎት ይችላሉ። ደቃቁን ጽሑፍ አሁኑኑ ያንብቡት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራልዎት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ደውለው በጣፋጭ ድምፅ «ወደ አዲሱ ጥቅላችን እናሳድግዎት?» ይሉዎታል። እዚያ ላይ «እሺ» ማለት አዲስ ውል መግባት ሊሆን ይችላል። የድሮ ዋጋዎ ይሄዳል፣ የውል ዘመኑም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በጽሑፍ ላኩልኝ ይበሉና ስልኩን ይዝጉ።

ወደ መቃወሙ እንምጣ። ግዢው ታወጀ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ2011 የአሜሪካው ሞባይል ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ተፎካካሪውን ቲ-ሞባይል ዩኤስኤን በ39 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ግዢውን ለማስቆም ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግዢው ቀረ። በ2016 የአውሮፓ ኮሚሽን የብሪታንያዎቹን ሞባይል ኩባንያዎች ስሪ እና ኦ2 እንዳይዋሃዱ ከልክሏል። የአሜሪካዎቹ ቲ-ሞባይል እና ስፕሪንት ተሳክቶላቸዋል፤ ግን በሚያዝያ 2018 ያወጁትን የጨረሱት በሚያዝያ 2020 ነው።

በዚህ መሃል ግዢውን የሚመረምረው የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። ሰዎች የሚጽፉት ግን «እነዚህን ሌቦች አትመኑ» ዓይነት ነው። ይህ ለመርማሪ ምንም አይጠቅመውም። መርማሪው ማወቅ የሚፈልገው አንደኛው ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው ወዴት እንደሚሄድ ነው። ወደ ሌላኛው የሚሄድ ከሆነ ሁለቱ የቅርብ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ሲዋሃዱም ዋጋ ተቆጣጥሮ የሚይዝ አይኖርም። ልብ ብለው ካዩት ይህ የእርስዎው ታሪክ ነው። ትልቁ አስመረረዎት፣ ትንሹ ተቀበለዎት። ቁጥርዎን ይዘው መዛወርዎም በመዝገብ አለ። መቼ እንደወጡ፣ ስንት ይከፍሉ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደሚከፍሉ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳዩ ይጻፉ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። እርስዎ ብቻዎን ግዢውን አያስቆሙትም፤ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ግን ይነበባል።

ብዙውን ጊዜ መልሱ «ይፈቀዳል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ» የሚል ነው። የብሪታንያው የውድድር ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2024 ቮዳፎን እና ስሪ እንዲዋሃዱ ሲፈቅድ የተወሰኑ ታሪፎች ለሦስት ዓመት ጣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። «የተወሰኑ» የምትለዋን ቃል ያስምሩባት። የእርስዎ ጥቅል ከተጠበቁት አንዱ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይዝናኑ። ሌላው መንገድ አዲስ ተፎካካሪ ማስገባት ነው። ጣሊያን ውስጥ በ2016 ዊንድ እና ስሪ ሲዋሃዱ ኢሊያድ ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በር ተከፈተ፤ በ2018 ሥራ ሲጀምር ገበያውን በርካሽ ዋጋ አናወጠው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በስፕሪንት ቦታ አራተኛው የሞባይል ኩባንያ ይሆናል የተባለው ዲሽ የሚባል ድርጅት ነበር። የእሱ እናት ኩባንያ ግን በ2025 ብዙ ፍሪኩዌንሲውን (የሞባይል ኔትወርክ የሚሠራበትን የሬዲዮ ሞገድ) ለኤቲ ኤንድ ቲ በ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመሸጥ ተስማማ። እኔ በዋጋ ጣሪያም ሆነ በአዲስ ተፎካካሪ ብዙም አልተማመንም፤ ከሁለቱ ግን እውነተኛ ኔትወርክ ያለው ተፎካካሪ ይሻላል።

ቁጥርዎ አይነካም። ሲም ካርድ ቀይሩ ሊሉዎት ይችላሉ፣ በቃ።

አንድ ሒሳብ ልጨምርልዎ። ከውልዎ የቀረው 16 ወር ነው። ምርመራው የቲ-ሞባይልን ያህል ከወሰደ፣ እነሱ ሳይዋሃዱ እርስዎ ነጻ ነዎት ማለት ነው። ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደርዎ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በፊት ባለው ወርም እንዲሁ ዝም ብሎ በራሱ የሚታደስ ውል መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይጠይቋቸው።