መልስ፦ የሙከራ ፊልም ለምን አይገኝም?

«እነዚህ የሙከራ ፊልሞች ለምን አይገኙም? ታሪክ ከሌላቸውስ ምናቸው ይወደዳል?» ብለሃል። የሙከራ ፊልም ማለት እንደተለመደው ታሪክ ከመተረክ ይልቅ በምስል አዲስ ነገር የሚሞክር ፊልም ነው። አብሽር ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ደሴ ሆኜ ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል።

ብዙዎቹ 16 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የፊልም ጥቅል የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ያነሳል፣ ጥቂት ቅጂ ያሳትማል፣ በቃ። ሲኒማ ቤት አይፈልገውም። ኒውዮርክ ያሉት ሠሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ማኅበር አቋቁመው ቅጂ ማከራየት የጀመሩት ለዚህ ነው። ፊልሙም ያረጃል። አሴቴት የሚባለው ዓይነት ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይኮማተራል።

ምናቸው ይወደዳል ላልከው አንዱን ልንገርህ። ስታን ብራኬጅ የተባለ አሜሪካዊ በ1963 እ.ኤ.አ. ያለ ካሜራ ፊልም ሠራ። የእሳት እራት ክንፍ፣ የአበባ ቅጠልና ሣር ለቅሞ በሁለት ግልጽ ፕላስተር መሃል ለጠፈ፤ ከዚያ አሳተመው። «ሞዝላይት» ይባላል። አራት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ድምፅም የለውም። ሳየው ኮምቦልቻ በክረምት ማታ በረንዳ መብራት ላይ የሚርመሰመሱት የእሳት እራቶች ትዝ አሉኝ። ጠዋት ተጠርገው የሚጣሉት፣ እነሱ። እዚህ ግን የደረቀው ክንፍ እንደገና ይርገበገባል። እንባዬ መጣ። ታሪክ ቢኖረው እንዲህ የሚነካኝ አይመስለኝም።

ካገኘኸው በስልክ አትየው። ማታ መብራት አጥፋና በላፕቶፕ እይ፤ ዝም ይላል ብለህ ሙዚቃ እንዳትከፍትበት። ከእኛ ሰው ደግሞ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ፈልግ፤ እሱም በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተነሳ ነው።