የመጀመሪያ ሌንስ፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ከጅማ

እሺ፣ እንጀምር። የዛሬው ስለ ሌንስ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስተዋት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ገዝታችሁ፣ ወይም ልትገዙ አስባችሁ ግራ የገባችሁ ጠይቁ። ሦስት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የካሜራችሁን ሞዴል ሳትጽፉ «የቱ ይሻለኛል?» አትበሉኝ። ዋጋ አልናገርም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየርና ውሸታም እባላለሁ። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ደግሞ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የእጅ ባትሪ አብሩበት። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ልመዱት።

ከአጂፕ፦ ጋሼ እንዴት አመሹ? ካሜራ ገዛሁ። ምን ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ ደህና ነኝ። ምን ካሜራ? ምን ልታነሳበት? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ተማሪዋ ከመንደራ ቆጪ፦ ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው፣ አብሮት ከመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር። ወንድሜ «ኪት ሌንስ እርባና የለውም፣ ሽጠሽ ሌላ ግዢ» ይለኛል። እውነት ለመናገር ማታ ቡና ሲፈላ ሳነሳ ብዥ ይልብኛል።

መልስ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ወንድምሽን ግን አትስሚው። ያ ሌንስ ቀን ላይ፣ ደጅ፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ብርሃን ነው። አስቢው፤ አንድ አምፖል፣ ጀበናው ከሰል ላይ፣ እናትሽ ሲኒ እያለቃለቁ። አንቺ ደግሞ ፊታቸውን ለማቅረብ ዙሙን እስከ 55 ትስቢዋለሽ። እዚያ ጋ ሌንሱ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ካሜራው ብርሃን ሲያጣ ሻተሩን፣ ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ያዘገያል፣ ሻተሩ ሲዘገይ እጅሽም የእናትሽም እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ብዥታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

እና ብር ሳታወጪ መጀመሪያ ይሄን ሞክሪ። ዙሙን ወደ 18 መልሰሽ አንቺው ጠጋ በይ፤ እዚያ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 አድርጊው። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይበል። ሌንሱ ላይ «አይኤስ» የሚል ጽሑፍ እንዳለም እዪ፤ የሌለውም ስሪት አለ። አይኤስ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ይቀንስልሻል እንጂ ቡና የሚቀዳውን እጅ አያቆምልሽም።

ይሄ ሁሉ ካልበቃሽ ያኔ 50 ኤፍ 1.8 ግዢ፣ ኤስቲኤም (ጸጥ ያለ ሞተር ያለው) የሚለውን። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሁለት ነገር ግን ዕወቂ። ካሜራሽ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ) ትንሽ ስለሆነ በ1.6 ታባዢዋለሽ፣ 50ው እንደ 80 ይሆንብሻል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምታነሺው። ደግሞ 1.8 ላይ ቀርበሽ ስታነሺ የጀበናው አፍ ጥርት ይልና እጀታው ይጠፋል። 2.8 ላይ አድርጊው። ኪቱን አትሽጪው።

ከጊንጆ፦ እኔ ኒኮን ዲ3400 አለኝ። አንድ ሰው 50 ኤፍ 1.8 ዲ በርካሽ ልሽጥልህ ብሎኛል። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። ሌንሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ካሜራህ ላይ በራሱ ፎከስ አያደርግም፣ ማለት ምስሉን አያጠራም። የዲ3000 እና የዲ5000 ወገን ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሌንሱ የራሱን ሞተር ይዞ መምጣት አለበት። ላዩ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ፈልግ። «ዲ» ብቻ ካለ በእጅህ እያዞርክ ነው። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት እሱ ነው፣ ሻጩም ያውቃል። ላንተ 35 ኤፍ 1.8 ዲኤክስ (ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ) ይሻልሃል። ኒኮን ላይ በ1.5 ስታባዛው ወደ 52 ይጠጋል፣ ለቤትም ለመንገድም ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ ባትሪ አብራበት።

ከቦሳ ቂጦ፦ ለዚህ እኮ ነው ካኖን ግዙ የምለው። ሁሉም ኢኤፍ የሚባለው የካኖን ሌንስ ሞተሩ ከራሱ ጋር ነው።

ከሂርማታ፦ ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 መግጠሚያውን ቀይሮ የድሮ ሌንስ ያላቸውን ሰዎች ሜዳ ላይ ጣላቸው። የኒኮን ዲኤስኤልአር መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያው ነው።

ከቦሳ ቂጦ፦ 1959 ላይ አልተወለድክም፣ ምን አገባህ?

ከሂርማታ፦ አባቴ ሌንሱ አላቸው! እስከ ዛሬ ይሠራል!

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ጥያቄ አልጠየቃችሁም። ቀጣይ።

እናት ከጂሬን፦ ልጄ፣ ይቅርታ ከመሃል ገባሁ። ውጭ ያለው ልጄ ካሜራ ልኮልኛል፣ አሁን ደግሞ ሌንስ ልጨምርልሽ ይላል። የልጅ ልጆቼን ለማንሳት ነው። ካኖን ይላል፣ ቁጥሩን መነጽሬን አጥቼ አላየሁትም።

መልስ፦ ኧረ ምንም አይደል እትዬ፣ እንኳን መጡ። ቁጥሩን ይተዉት። ሌንሱን ሲያወልቁት ካሜራው አፍ ላይ ምልክት አለ። ነጭ አራት ማዕዘን ካዩ ኢኤፍም ኢኤፍ-ኤስም (ለትንሽ ሴንሰር የተሠራው)፣ ሁለቱንም ዓይነት ሌንስ ይቀበላል። ቀይ ነጥብ ብቻ ከሆነ ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው አይገባም፣ በግድ እንዳይገፉት። ነጩ ካለ ለልጅዎ «24 ኤፍ 2.8፣ ኢኤፍ-ኤስ» ብለው ይጻፉለት። እንደ ቂጣ ስስ ነው፣ ክብደቱ 125 ግራም ብቻ፣ አንገት አያስጎነብስም። ልጆቹ ቢሮጡም ሰፋ አድርጎ ስለሚያነሳ ከፎቶው አይወጡብዎትም። አዲሱን ላክ ይበሉት፣ ያገለገለ አይሁን።

ከአጂፕ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ካኖን ነው።

መልስ፦ ካኖን ስንት? ወንድሜ፣ እትዬ እንኳ መነጽራቸው ጠፍቶ ካንተ የተሻለ ጠየቁ።

ሰርግ ፎቶ አንሺው፦ ካኖን 700ዲ ይዤ ሰርግ ጀምሬያለሁ። ሰዉ «50 ግዛ» ሲል ገዛሁ። መልስ ላይ ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ማስገባት አልቻልኩም፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ።

መልስ፦ አሁን የነገርኩት ነው፣ 80 ሆኖብህ ነው። 50ውን ለሙሽራዋ ብቻዋን ተጠቀምበት። ለቡድን በ18-55ቱ 18 አካባቢ፣ ፍላሽህን ወደ ጣሪያ አዙረህ።

ከቦሳ ቂጦ፦ ሰርግ በኪት ሌንስ? ሰው ይስቅብሃል።

ከሰቶ ሰመሮ፦ እኔ ሦስት ሰርግ ሠርቼበታለሁ። የሳቀ የለም፣ ከፍለውኛል።

ከቦሳ ቂጦ፦ ድንኳን ውስጥ ፍላሹን ወዴት አዞርከው ታዲያ?

ከሰቶ ሰመሮ፦ ወደ ላይ ነዋ።

ከቦሳ ቂጦ፦ ሸራው ሰማያዊ ነበር?

ከሰቶ ሰመሮ፦ … አዎ።

ከቦሳ ቂጦ፦ ሙሽራዋስ?

ከሰቶ ሰመሮ፦ ትንሽ ሰማያዊ ነበረች።

መልስ፦ ሃሃ። ቀለም ያለው ሸራ ላይ ፍላሽ አትመልሱ፣ የነካውን ቀለም ይዞ ይወርዳል። ሰርግን የዘወትር ሥራ ካደረጋችሁት ብራችሁን ለ17-50 ኤፍ 2.8 አጠራቅሙ፣ ሲግማ ወይም ታምሮን። ለኒኮን የተሠራ ታምሮን የምትገዙ ሞተር የሌለውም ስሪት ስላለ አጣሩ። ባትሪም አብሩ።

ከበቾ ቦሬ፦ ቦዬ ረግረግ ላይ ወፍ ማንሳት እወዳለሁ። ካኖን ነው፣ 1300ዲ። 75-300 አግኝቻለሁ፣ 55-250 ደግሞ አንድ ልጅ ይሸጣል። 300 ስለሚበልጥ እሱን ልውሰድ?

መልስ፦ በቁጥር አትታለል። የተለመደው 75-300 አይኤስ የለውም። 300 ላይ እጅህ እንዳያበላሽብህ ሻተሩ ቢያንስ 1/500 መሆን አለበት፣ ቦዬ ደግሞ ወፍ ያለው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያኔ ብርሃን የለም። ጫፉ ላይም ምስሉ ይለሰልሳል። 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ከሆነ እሱን ውሰድ። ካሜራህ ላይ እንደ 400 ነው። ረግረጉ ዳር ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ወፉ ወዳንተ እንዲመጣ የሚያደርገው ትዕግሥት ነው እንጂ 50 ሚሊሜትር አይደለም። ልጁ ጋ ስትሄድ ባትሪ አብራበት።

ከአወይቱ ማዶ፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማንሳት ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ 18 ይበቃል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላ ሂድ። ክፍሎቹን ከውስጥ ካልክ ለካኖን 10-18 አለ።

ስሙን ያልጻፈ፦ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠመው ብርጭቆ) ያስፈልጋል? ለቪዲዮስ? ሚረርለስ (መስተዋት የሌለው ካሜራ) አይሻልም?

መልስ፦ ለጭቃና ለአቧራ ካልሆነ አያስፈልግም። ለቪዲዮ ኤስቲኤም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛው የዛሬ ርዕስ አይደለም።

ቡና ነጋዴው ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ ሁሌ «ባትሪ አብሩ» ትላለህ። ምን ለማየት ነው? አዲሶች አሉ፣ አስረዳቸው።

መልስ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። ሻጋታ ለማየት ነው። እኛ ያለነው ጅማ ነው ወገን። ዝናቡ ከክረምቱ ቀድሞ ይጀምራል፣ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፣ ጫማ ይሻግታል፣ ሌንስማ ብርጭቆ ስለሆነ አይነካውም ብላችሁ ነው? ብርጭቆዎቹ መሀል ገብቶ ይበቅላል። ሲቆይ ብርጭቆው የተቀባውን ስስ ሽፋን ይበላዋል፣ ያኔ ቢታጠብም ጠባሳው ይቀራል።

እኔ የተማርኩት ከኪሴ ነው። የመጀመሪያውን ሌንሴን ከተገዛበት የቆዳ ቦርሳ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ስር፣ በደንብ ደብቄ ከረምኩ። ለመስከረም ሳወጣው ውጪው ያበራል። ፎቶው ግን ጉም የለበሰ ይመስላል። የኋላውን ክዳን ከፍቼ የስልኬን መብራት ባሳልፍበት፣ ከዳር የጀመረ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ነጭ ክር፣ ልክ እንደ ሸረሪት ድር። ቆዳው ነው እርጥበቱን ይዞ የከረመው። ከዚያ ወዲህ በቆዳ ቦርሳ ሌንስ የሚያስቀምጥ ሳይ ያመኛል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ሁለቱንም ክዳን አውልቁ። ጥላ ቦታ ቁሙ። መብራቱን ከኋላ፣ ትንሽ አጋድማችሁ አብሩ፣ በፊት በኩል እዩ። ሌንሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ምንም አያደርግም፣ አዲስም ላይ አለ። ክር ወይም ጉም ካያችሁ መልሱለት። «ይጸዳል» ካላችሁ አጽድቶ ያምጣው በሉት።

ለማስቀመጥ፣ ጎማ ያለው፣ ግጥም የሚል የምግብ ፕላስቲክ ሳጥን በቂ ነው። ውስጡ ሲሊካ ጄል ጨምሩ፣ ቀለሙ የሚለወጠውን። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲሄድ ጠግቧል ማለት ነው፣ አድርቃችሁ መልሱት። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ይቁም። ከሁሉ በላይ አንሱበት! ፀሐይና ንፋስ የሚያገኝ ሌንስ ብዙም አይሻግትም።

ቡና ነጋዴው ከአጋሮ፦ እንደ ቡና ነዋ። ቡናም ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ከገባ አለቀለት።

መልስ፦ ተባረክ። ልክ እንደሱ።

ከሰቶ ሰመሮ፦ ሩዝ ብንጨምርስ? ለስልክ ይሠራል ይባላል።

ከሂርማታ፦ እኔ ሩዝ ነው የምጠቀመው፣ ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ሩዝ ዱቄቱ ዙሙ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበት መሳቡም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሩዙን ብሉት።

ተማሪዋ ከመንደራ ቆጪ፦ የሌንሱ ብርጭቆ ሲቆሽሽ በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! አቧራው ይጭረዋል። «እፍ» ማለትም አይሆንም፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው። በጎማ መንፊያ ንፊው፣ ከዚያ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ።

ከአጂፕ፦ ጋሼ ካኖን 4000ዲ ነው፣ ከ18-55 ጋር። ሁሉንም ነገር ነው ማንሳት የምፈልገው።

መልስ፦ እግዜር ይስጥህ! ምንም አትግዛ። ሦስት ወር በያዝከው አንሳ። ከዚያ ፎቶዎችህን ከፍተህ ዙሙ የት የት ላይ እንደነበር እይ። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ የጎደለህ ስፋት ነው። 55 ላይ ከሆነ ርቀት። ማታ ማታ ከሆነ ብርሃን። ያኔ ተመለስ፣ በሁለት መስመር እመልስልሃለሁ።

ከአጂፕ፦ ግን 50ው ይሻላል ይላሉ…

መልስ፦ ሦስት ወር ብያለሁ።

ከበቾ ቦሬ፦ ጋሼ፣ ልጁ ሰፈራችን ስለሆነ አሁኑኑ ሄጄ 55-250ውን አየሁት። ባትሪ አበራሁበት። ዳር ላይ የጸጉር ክር የመሰለ ነገር አለ። ልጁ «አቧራ ነው» ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ።

መልስ፦ አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም። አመስግነህ ውጣ። ፎቶ አንስተህ ግን ላክልን፣ ለነዚህ ላሳያቸው።