ለከለር ፒከሩ ጥያቄ፦ በ600 የሰርግ ካርድ የተማርኩት

«ኢለስትሬተር ላይ ስክሪፕት ስጽፍ ፒከሩ አርጂቢ ላይ ይሁን ሲኤምዋይኬ ላይ በኮድ እንዴት ልወቅ?» ላልከው ወንድሜ። እኔም ይቺኑ ስፈልግ ነው ጉድ የሆንኩት። (ለአዲሶች፦ ኢለስትሬተር የዲዛይን ፕሮግራም ነው፣ ፒከር ቀለም መምረጫው። አርጂቢ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሠራ የስክሪን ቀለም ነው፤ ሲኤምዋይኬ በሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር የሚሠራ የኅትመት ቀለም።)

1. የከለር ፓነሉን እርሳው። ስላይደሩ አርጂቢም ኤችኤስቢም (ሌላ የቀለም መለኪያ) ቢያሳይህ ለዓይን ነው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው በፋይሉ ሞድ ነው። ኮድህ የአክቲቭ ዶክመንቱን «ዶክመንት ከለር ስፔስ» ያንብብ።

2. የአንድን ቅርጽ ቀለም ዓይነት በኮድ «ታይፕኔም» የሚባለው ይነግርሃል። ስፖት (ስም ተሰጥቶት ለብቻው የሚታተም ቀለም) ከሆነ ግን ውስጡ ሌላ ቀለም አለ፣ ግራዲየንትም (ከቀለም ወደ ቀለም የሚሸጋገረው) በየስቶፑ፣ ማለትም በየመሸጋገሪያ ነጥቡ።

3. እዚህ ጋ ያ የጥር ሰርግ መጣብኝ። ፓነሌ አርጂቢ ስለሚያሳይ ስክሪፕቴ ጽሑፉን በሙሉ በአርጂቢ ጥቁር፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ፣ እንዲሞላ አደረግኩ። ፋይሉ ለካ ሲኤምዋይኬ ነው! ኢለስትሬተር ምንም ሳይል ቀየረው፤ አሜሪካ ሠራሹ የተለመደው ፕሮፋይል (ቀለም የሚቀየርበት ሠንጠረዥ) ላይ ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ማለት ነው። ሲደመር 300 ፐርሰንት ቀለም በ8 ፖይንት ፊደል ላይ! ፕሌቱ (ለየቀለሙ አንድ የሆነው የማተሚያ ሰሌዳ) ትንሽ ሲዛነፍ «ሐ» ከ«ሕ» አልለይ አለ። ስክሪን ላይ አላየህም ወይ? አላየሁም። ፕሪፈረንስ ውስጥ «አፒራንስ ኦፍ ብላክ» ካልነካኸው ጥቁሩን ሁሉ እኩል አጥቁሮ ነው የሚያሳየው።

ፒያሳ ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ! አራቱም ፕሌት ላይ ጽሑፍ ወጥቶ እያዩ አተሙት። ልጠይቅ ስሄድ ሰውየው ቀና ሳይል «እኛ የሰጡንን ነው የምናትመው፤ ቀሪውን ክፈል» አለኝ። ከፈልኩ። የሙሽራዋ እናት «ልጄ፣ ከካርዱ ጋር መነጽር አብረህ ታድላለህ?» ያሉኝ ግን ከገንዘቡ በላይ አሞኛል። ድጋሚ 600ውን በራሴ ኪስ፣ አራት ኪሎ ሌላ ቤት አሳተምኩ።

አሁን ስክሪፕቴ መጀመሪያ የፋይሉን ሞድ ያያል። ሲኤምዋይኬ ከሆነ አዲስ የሲኤምዋይኬ ቀለም ፈጥሮ ጥቁሩን 100፣ ሦስቱን 0 ያደርጋል፤ አርጂቢ ከሆነ ቆሞ ይጮህብኛል። ካዛንቺስ ያሉ ሁለት ጓደኞቼም ወስደው እየሠሩበት ነው፣ አንዱ እንዲያውም እሱ የጻፈው ያስመስላል።

ሥራህ ፎቶሾፕ ላይ ከሆነ የዶክመንቱ «ሞድ» እና የፎርግራውንድ ከለሩ (አሁን የተመረጠው ቀለም) «ሞዴል» ሁለት ነገር ናቸው፣ አትደባልቃቸው።

የኢለስትሬተር ፋይሉን ከመላክህ በፊት ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው (አራቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ፓነል) ከፍተህ ጥቁሩን አጥፋ። ጽሑፉ አብሮ ካልጠፋ አትላክ፣ ኢንቦክስ አድርገኝ።