ኮሪያውያን ጎልማሶችን እንግሊዝኛ ማናገር፦ ጥያቄና መልስ

ደቡብ ኮሪያ፣ ሱወን ከተማ ውስጥ ለጎልማሶች የእንግሊዝኛ ንግግር ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ስለ ሥራዬ ትንሽ ካወራሁ በኋላ ጥያቄው በዛ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁኝ። ስለ ቪዛ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምመልሰው።

ከሐዋሳ፦ እህታችን፣ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ኮሪያ መጥቼ ማስተማር እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት በዚህ ሥራ መምጣት አትችልም። የንግግር መምህራን ቪዛ ኢ-2 ይባላል። በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። እኔም የመጣሁት በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። መጀመሪያ የሚያዩት ፓስፖርትህን ነው፣ ዲግሪህና ልምድህ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። እንደሚያም አውቃለሁ። "በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኢ-2 አስወጣልሃለሁ" የሚል ደላላ ከመጣ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት። ለእናንተ ክፍት የሆነው በር ኦንላይን ነው። ኮሪያውያን "የስልክ እንግሊዝኛ" የሚሉት ትምህርት አላቸው። በቀን አሥር ደቂቃ ያህል ከመምህር ጋር በስልክ ማውራት ነው። ብዙዎቹ መምህራን ፊሊፒንስ ቤታቸው ተቀምጠው ነው የሚሠሩት።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። አንድ ሀግዎን ኮንትራት ልኮልኛል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ ሀግዎን የግል ማስተማሪያ ተቋም ነው፣ ለማያውቁ። መጀመሪያ ወሩን ቁጠር። አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሲወጣ ቢያንስ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ስንብት ይገባዋል። ሕግ ነው። ኮንትራቱ አሥራ አንድ ወር የሚል ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ሳልቆጥር ፈርሜ ያን ገንዘብ አጥቻለሁ። ሌላው፣ በኢ-2 ቤት ለቤት ማስጠናት ክልክል ነው። ጎረቤት "ልጄን በሳምንት አንድ ቀን" ብላ ብትለምንህም እምቢ በል።

ከደሴ፦ የቪዛው ነገር ግን ፍትሕ ነው? እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ አይደል እንዴ?

ከዱባይ፦ በእንግሊዝኛ መማርና በእንግሊዝኛ ማውራት ይለያያል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ሆቴል ስቀጠር የእንግዳ ስልክ ማንሳት ያስፈራኝ ነበር። ሰዋስው ጠይቂኝ፣ አንደኛ ነበርኩ።

ከደሴ፦ ያ ያንቺ ችግር ነው። ሁላችንን አትደምሪን።

ከዱባይ፦ አልደመርኩም። የደረሰብኝን ነው ያወራሁት።

መልስ፦ አትጣሉ። ዱባይ ያለችው እህታችን የተናገረችው የዛሬው ዋና ጉዳይ ነው። እሱን የሚጠይቅ ሰው የለም?

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ልጠይቅ። በዙም አራት ኮሪያውያን አስተምራለሁ፣ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ዝም ይላሉ። እየቆየ ዝምታው እኔን እያስጨነቀኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፊትሽ ያለው ሰው እንግሊዝኛ አያውቅም ብለሽ እንዳትጀምሪ። ኮሪያ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ሱኑንግ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለ። እንግሊዝኛው 45 ጥያቄ ነው። 17ቱ ማዳመጥ፣ 28ቱ ማንበብ። ማዳመጡ ሲሰጥ ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። እንዲህ የሚጠነቀቁለት ፈተና ላይ ተማሪው አፉን ከፍቶ የሚናገርባት አንዲት ጥያቄ የለችም። ስለዚህ የአርባ ዓመቱ መሐንዲስ ከባድ ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል። "ቅዳሜን እንዴት አሳለፍክ?" ስትይው ላብ ያጠምቀዋል።

ከዚያ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ቼምዮን የሚሉት ቃል አላቸው። ለአሜሪካውያን ባልደረቦቼ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ለእናንተ ግን ክብርና ይሉኝታ ተደምረው ብል ይበቃል። ሰው ፊት መሳሳት ለነሱ ቀላል ነገር አይደለም። አለቃ ፊት ሲሆን ይብሳል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የማስተምረው የኩባንያ ክፍል ነበረኝ። አንዲት ወጣት ሦስት ወር ሙሉ ከሁለት ቃል በላይ አልወጣትም። አንድ ቀን ቡጃንጉ፣ ማለት የክፍል ኃላፊው፣ ለሥራ ከተማ ወጣ። ልጅቷ ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ለካ ካናዳ ተምራ መጥታለች። ከአለቃዋ በልጣ መታየት አልፈለገችም።

ስለዚህ አራቱ እነማን እንደሆኑ እወቂ። ማን ማንን ያዛል? አለቃና የበታች አንድ ላይ አታጣምሪ። ለሁሉም ጥያቄ አትወርውሪ፣ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ያውሩ። የእንግሊዝኛ ስም ይምረጡ፣ በማዕረግ መጠራራቱ ይቅር። ካካዎን የመሰለ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ ስም እንዲጠራሩ ያደረገው ለዚሁ ነው። ከጠየቅሽ በኋላ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አብዛኞቻችን ሦስት ላይ ስንደርስ ራሳችን እንመልሳለን። ከሁሉም በላይ ሰው ፊት አታርሚ። ስሕተቱን ማስታወሻ ላይ ያዢው። መጨረሻ ላይ የማን እንደሆነ ሳትናገሪ ሦስቱን ብቻ አንሺ።

ከአዲስ አበባ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ አንዱ አለቃቸው ነው። አሁን ነው የገባኝ።

ከጅዳ፦ ኮሪያውያን እንዴት ናቸው?

መልስ፦ ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ናቸው። ጥያቄህን ለይተህ አምጣ።

ከባሕር ዳር፦ አነጋገራቸው አይገባኝም። ተማሪዬ "ላንቺ" ይለኛል። እኔን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ምሳ ማለቱ ነው።

መልስ፦ ይህ የምወደው ርዕስ ነው። በኮሪያኛ አንድ ክፍለ ቃል በ"ች" ወይም በ"ሽ" አያልቅም። ስለዚህ "ላንች" ላይ አናባቢ ጨምረው "ላንቺ" ይላሉ። "ኢንግሊሽ" "ኢንግሊሺ" ይሆናል። "ፍ" የላቸውም፣ "ኮፊ" "ኮፒ" ይሆናል። "ዝ" የላቸውም፣ "ፒዛ" "ፒጃ" ነው። "ቭ" የላቸውም፣ "ቪዛ" "ቢጃ" ነው። የኛ አያቶችም ቪዛን "ቢዛ" ይሉ የለም? "ር" እና "ል" ደግሞ ለነሱ አንድ ፊደል ናቸው። "ራይስ" ያለው ሰው "ላይስ" ሲመስል ሩዝ ቅማል ሆኖ ይሰማል።

እዚህ ላይ እኛ ከአሜሪካዊው መምህር የተሻለ የምናየው ነገር አለ። ኮሪያውያን ተነባቢዎች ሲደራረቡባቸው መሐሉን በ"እ" ይሞሉታል። ይህ "እ" የኛን ሳድስ በጣም ይመስላል። እኛስ "ስፖርት" ለማለት "እስፖርት" እንል የለም? "ስትራይክ" በእንግሊዝኛ አንድ ምት ነው። በኮሪያኛ አምስት ምት ነው፦ ስ፣ ት፣ ራ፣ ኢ፣ ክ። እኔ ጠረጴዛ እያስመታሁ ነው የማስተምረው። አንድ ቃል፣ አንድ ምት። ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ፊት ይገነባሉ፦ "ራይክ"፣ "ትራይክ"፣ "ስትራይክ"። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የስሕተቱን ስሜት በራስሽ አፍ ስለምታውቂው ማሳየት ትችያለሽ። ይህንንም ሁሉም አብረው ይሥሩት። አንዱን ነጥለሽ ሰው ፊት አታርሚ።

ከቴል አቪቭ፦ ታዲያ አማርኛና ኮሪያኛ ዘመድ ናቸው ማለት ነው? ግሳቸውም መጨረሻ ላይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ከጎንደር፦ እኔም ይመስለኛል። "ኦማ" እና "እማ"፣ "አፓ" እና "አባ" እስኪ አስቡት።

ከቨርጂኒያ፦ እማና አባ የማይመስልበት ቋንቋ ጥቂት ነው። ሕፃን አፉን ሲከፍት የሚወጣው ድምፅ ነው።

ከጎንደር፦ አክብሮቱስ? እነሱም እንደ አንተና እርስዎ ይለያሉ።

መልስ፦ ዘመድ አይደሉም። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ኮሪያኛ ከሴማዊ ቋንቋዎች ጋር አይገናኝም። ግሱ መጨረሻ መምጣቱ ግን እውነት ነው፣ ለማስተማርም ይጠቅማል። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በልቡ በኮሪያኛ ሠርቶ ሲተረጉም ግሱ እስኪመጣ ይንገታገታል። እኛም እንደዚያው ነን። "ማን፣ ምን አደረገ" የሚለውን መጀመሪያ እንዲያወጣው አድርጉ፣ የቀረው ይከተላል። አሁን ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ከአዳማ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኢ-2 ይገኛል?

መልስ፦ አይገኝም። ከላይ አንብቡ። ለደላላም ገንዘብ እንዳትሰጡ።

ከመቀሌ፦ ተማሪዬ ቶይክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ 900 አምጥቷል። እኔ ጋ ሲያወራ ግን ንግግሩ የተሸመደደ ነው። ኦፒክ ሊፈተን ነው።

መልስ፦ የቶይክ መደበኛው ፈተና ከ990 ነው፣ ማዳመጥና ማንበብ ብቻ። 900 አምጥቶ አለመናገር የተለመደ ነው። ኦፒክ የንግግር ፈተና ነው፣ ለኮምፒውተር ይናገራሉ፣ ለሥራ ቅጥር ይጠቀሙበታል። ብዙዎቹ መልስ ጽፈው ይሸመድዳሉ። አንተ መሐል ላይ ገብተህ "ለምን?"፣ "ከዚያስ?" በለው። ሽምደዳው እዚያ ላይ ያልቃል፣ ንግግሩ እዚያ ላይ ይጀምራል። አንዱን ታሪክ በአራት ደቂቃ ይናገረው። ከዚያ ያንኑ በሦስት፣ ከዚያ በሁለት። ሦስተኛው ላይ አፉ ሲፈታ ታያለህ።

ከአዋሽ፦ ምን መጽሐፍ ልግዛ?

መልስ፦ ለንግግር መጽሐፍ አትግዛ። የተማሪህ ቀን ይበቃል።

ከአትላንታ፦ እትዬ፣ እኔ የማስተምራቸው ሁለቱ ከስድሳ በላይ ናቸው። በምን ርዕስ ላናግራቸው?

መልስ፦ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን ንገሪያቸው። በዚያ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ቃኘው ሻለቃን ያውቃሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ወታደሮቻችን ኮሪያ ገብተው ተዋግተዋል። ቹንቾን ከተማ መታሰቢያቸው አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 መጥተው አይተውታል። በዚያው ዓመት የተከፈተ የኢትዮጵያ ስም ያለው ቡና ቤትም እስከ ዛሬ አለ። አንድ አዛውንት ተማሪዬ የመጀመሪያ የኢትዮጵያ ቡናቸውን እዚያ እንደጠጡ ሲነግሩኝ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ አወሩ። ግሱ ሁሉ ተዛብቶ ነበር። አንዱንም አላረምኩም። አንቺ ታሪኩን አታስተምሪያቸው፣ እነሱ ይንገሩሽ።

ከሐዋሳ፦ እህታችን፣ ኦንላይኑን ልሞክረው ነው። የመጀመሪያ ተማሪዬ ነገ በኮሪያ ሰዓት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል። መጀመሪያ ምን ልበለው?

መልስ፦ ጎበዝ። "ራስህን አስተዋውቅ" እንዳትለው፣ እሱን ሸምድዶ ነው የሚመጣው። ስልክህ ላይ ያለውን የመጨረሻ ፎቶ አሳየኝ በለው። ልጁ ይሆናል፣ ምሳው ይሆናል፣ የሥራ ሰነድ ይሆናል። ማን ነው፣ የት ነው እያልክ ቀጥል። ዝም ካለ ቁጠር፣ እስከ አሥር። ሰዓቱን ደግሞ እንዳታዛባ። እኛ ከእናንተ ስድስት ሰዓት እንቀድማለን። የሱ ማታ ሦስት ሰዓት ያንተ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ ቀድመህ ግባ።