በሳይንሳዊ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ አዲስ አበርካችን ስለ ማማከር፦ ጥያቄና መልስ

ሳይፓይ በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚሠሩ ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች የስሌት መሣሪያዎችን የሚያቀርብ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ባለ ሶፍትዌር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ፋንክሽን (አንድን ስሌት የሚሠራ የኮድ ክፍል) መጨመር የሚፈልግን ሰው እንዴት ማገዝ እንደሚገባ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። አብዛኞቹን ምሳሌዎች የምወስደው አሠራሩን በቅርበት ከማውቀው ከሳይፓይ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የሶፍትዌር መሐንዲስ)፦ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ሳይፓይ ላይ አዲስ ፋንክሽን ለመጨመር እንዳማክራት ጠይቃኛለች። ኮዱን ጽፋ ጨርሳዋለች። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ኮዱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና ፕሮጀክቱ ፋንክሽኑን ይፈልገው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ፋንክሽን አንዴ ከገባ በኋላ ጸሐፊዋ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ሌላ ሥራ ብትሄድም ሌሎች ለዓመታት ይሸከሙታል፤ እናውጣው ቢባል እንኳ ቢያንስ ለሁለት ልቀቶች (ለተጠቃሚ የሚወጡ የሶፍትዌሩ እትሞች) ማስጠንቀቂያ እየሰጠ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሜንቴይነሮቹ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን የሚንከባከቡት ሰዎች፣ ጠንቃቆች ቢሆኑ አይፈረድባቸውም። ሳይኪት ለርን የተባለው የማሽን ለርኒንግ ሶፍትዌር ይህን በጽሑፍ አስቀምጦታል፦ አዲስ የሚገባ ስልት ከታተመ ቢያንስ 3 ዓመት የሆነው፣ 200 ጊዜና ከዚያ በላይ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰና በሰፊው የሚሠራበት እንዲሆን ይጠበቃል። ሳይፓይ እንዲህ ያለ የቁጥር መስፈርት ባያስቀምጥም አዲስ ሐሳብ ከኮዱ በፊት ለውይይት እንዲቀርብ ይጠይቃል።

ተማሪዋ ግማሽ ገጽ ያህል ትጻፍ። ፋንክሽኑ ለማን እንደሚጠቅም፣ ዛሬ ሰዎች ያንኑ ሥራ በምን እንደሚሠሩት፣ በየትኛው የሳይፓይ ክፍል ቢቀመጥ እንደሚሻልና በራሷ ትንሽ ፓኬጅ (ለብቻው በሚጫን የኮድ ስብስብ) ብታወጣው ምን እንደሚጎድለው ታስረዳ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ እኔ ግን ዋናው እርሱ ይመስለኛል። የራሷ ፓኬጅ ይበቃል የሚል መልስ ላይ ከደረሰች ሥራዋ ከንቱ አልሆነም፤ እንዲያውም በዚያው መንገድ ተጀምረው ብዙ ተጠቃሚ ያገኙ ሥራዎች አሉ።

ጥያቄ (ከጎንደር፣ የፊዚክስ መምህር)፦ እኔ በሙያዬ ፕሮግራመር አይደለሁም። ማማከር እችላለሁን?

መልስ፦ ይችላሉ። ኮድ የሚገመግም ሰው በአንጻራዊነት አይጠፋም፤ የሚጠፋው መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ነው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን የጊትን ነገር ለአበርካቹ ሌላ ሰው ያሳየው፤ እርስዎ ስለ ፊዚክሱ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ የዳታ ባለሙያ)፦ የማማክረው ወጣት የጻፈው ፋንክሽን አንድ መስመር ብቻ ነው። ገምጋሚዎች ግን በርካታ ቴስቶች (የኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሹ ትንንሽ ኮዶች) እንዲጨምር ጠየቁት። ማብዛት አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ፈተናው ያለው ቀመሩ አጭር መሆኑ ላይ ነውና በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በስታቲስቲክስ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ስሌት እንውሰድ። ሀ አዎንታዊ ቁጥር ሲሆን የአሉታዊ ሀን ኤክስፖኔንሺያል ከ1 ቀንሰን የቀሪውን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም እንፈልጋለን። የአንድ ክስተት ዕድል በሎጋሪዝም ተሰጥቶን ያለመከሰቱን ዕድል በሎጋሪዝም ስንፈልግ የሚመጣው ይህ ነው። አዲሱ አበርካች በመጽሐፍ እንዳየው በአንድ መስመር ይጽፈዋል፤ ሀን 1 እና 2 አድርጎ ይሞክረዋል፤ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። ሀ 10⁻¹⁷ ሲሆን ግን ኮምፒዩተሩ አሉታዊ ኢንፊኒቲ ይመልሳል፤ እውነተኛው መልስ −39.14 አካባቢ ነው። በ64 ቢት የሚቀመጥ ቁጥር 16 ያህል አሃዞችን ብቻ ስለሚይዝ ኤክስፖኔንሺያሉ ተጠጋግቶ ልክ 1 ይሆናል፤ ከ1 ሲቀነስ ዜሮ ይቀራል፤ የዜሮ ሎጋሪዝም ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ሀ 50 ሲሆን ስሕተቱ በሌላው ጫፍ ይመጣል፦ ኤክስፖኔንሺያሉ እጅግ ኢምንት ስለሆነ ከ1 ላይ ቢቀነስም ባይቀነስም ለውጥ የለውም፤ ኮምፒዩተሩም ዜሮ ይላል፤ እውነቱ ግን −1.93 × 10⁻²² ያህል ነው። ይህን ዜሮ የተቀበለ ተመራማሪ ምንም የስሕተት መልእክት አያይም፤ ውጤቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ስሌት ይሄዳል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ኤክስፕኤም1 የተባለው ፋንክሽን ከኤክስፖኔንሺያል ላይ 1 ቀንሶ፣ ሎግ1ፒ የተባለው ደግሞ 1 በተጨመረበት ቁጥር ላይ ሎጋሪዝም አስልቶ፣ ሁለቱም አሃዝ ሳይጠፋባቸው መልስ ይሰጣሉ። ሀ ከ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም፣ ማለትም ከ0.693 ገደማ፣ ሲያንስ በመጀመሪያው፣ ሲበልጥ በሁለተኛው መሥራት ነው። ነገር ግን አማካሪው ይህን አስቀድሞ ባይናገር እመርጣለሁ። «ሀ በጣም ሲያንስ ምን ይሆናል? በጣም ሲበዛስ?» ብለው ይጠይቁትና ወጣቱ ራሱ አሉታዊ ኢንፊኒቲውን ያግኘው። ያንን በገዛ ዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን ቀመር ሁሉ ከጫፎቹ መፈተሽ ይጀምራል፤ መልሱ የተነገረው ሰው ግን ያንን አንድ ቀመር ብቻ ያርማል።

ከዚያ ወደ ቴስቱ ይሄዳሉ። የሚጠበቀው መልስ ከራሱ ከአዲሱ ኮድ ውጤት ተገልብጦ መቀመጥ የለበትም፤ እንዲህ ያለ ቴስት የሚያረጋግጠው ኮዱ እንዳልተለወጠ እንጂ ትክክል እንደሆነ አይደለም። ኤምፒማዝ በተባለው የፓይተን ፓኬጅ በ50 አሃዝ ያስላውና ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘው በቴስቱ ውስጥ በአስተያየት ይጻፍ። ነምፓይ በተባለው የፓይተን ፓኬጅ የቴስት ማወዳደሪያ ፋንክሽን ውስጥ፣ ሌላ ቁጥር ካልተሰጠው በቀር፣ የሚፈቀደው አንጻራዊ ልዩነት 10⁻⁷ ነው። አዳዲስ አበርካቾች ቴስቱ አላልፍ ሲላቸው ይህን ቁጥር ወደ 10⁻³ ማላላት ይወዳሉ፤ ሲያላሉ ምክንያቱን ይጠይቋቸው። ሀ ዜሮ ሲሆን፣ አሉታዊ ሲሆን፣ ቁጥር ያልሆነ እሴት ሲሆን፣ ባዶ ድርድር (ምንም ቁጥር የሌለበት ዝርዝር) ሲሆንና ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ሲሰጡት ምን እንደሚመለስ የሚፈትሹት ቴስቶችም ከዚሁ ይከተላሉ። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት ይህንን ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)፦ የምፈልገው ስልት አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተጽፎ አለ። ወደ ፓይተን ብመልሰው ይፈቀዳል?

መልስ፦ በፈቃዱ ዓይነት ይወሰናል። ሳይፓይ የሚሠራጨው ቢኤስዲ በተባለው ለቀቅ ባለ ፈቃድ ነው። በርካታ የአር ፓኬጆች ግን ከነርሱ የተቀዳ ሥራ በዚያው ፈቃድ እንዲሠራጭ በሚያስገድደው በጂፒኤል ፈቃድ ሥር ስለሆኑ፣ ከዚያ መስመር በመስመር የተመለሰ ኮድ ቋንቋው ቢለወጥም ከዋናው እንደተቀዳ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አይገባም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ፣ ከኒውመሪካል ሬሲፒስ መጽሐፍ የተወሰደ ኮድ፣ ስታክ ኦቨርፍሎው ከተባለው የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የተቀዳም እንዲሁ አይቻልም። ቀና የሆነው መንገድ የአሩን ኮድ ሳይከፍቱ ስልቱ ከታተመበት የምርምር ጽሑፍ ተነሥቶ መጻፍ ነው። አርን እንደ ተጠቃሚ አስኪዶ ውጤቱን ማወዳደር ግን የተፈቀደ ነው፤ ጥሩ ቴስትም ይሆናል። አማካሪዎች ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ያንሱት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲነሣ ያስለቅሳል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ገምጋሚው «ይህ ክፍል አያስፈልግም፣ ይውጣ» ብሎ ብቻ ጻፈላት። የማማክራት ልጅ እንደ ስድብ ቆጥራ መልስ መጻፍ አቆመች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኛ አገር ሰላምታ ሳያስቀድሙና ሳያለዝቡ «ይውጣ» ማለት የቅያሜ ንግግር ስለሆነ መከፋቷ የሚገባ ነው። በእነዚህ ፕሮጀክቶች ግን ገምጋሚው ብዙውን ጊዜ ከመደበኛ ሥራው በተረፈ ሰዓት፣ ከወረፋው ውስጥ አንዱን አንሥቶ የሚያነብ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ አጭር መጻፉ ንቀት አይደለም። ይህን አንዴ ይንገሯትና ወደ ነገሩ ይመለሱ፦ ክፍሉ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ያስፈልጋል ካለች ምክንያቷን በሁለት ዐረፍተ ነገር ትጻፍ። ታላላቆችን መቃወም ነውር ነው ብለው ያልተስማሙበትን ሁሉ ዝም ብለው የሚቀበሉ ጎበዝ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ገምጋሚውም ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና ይህ ለሶፍትዌሩም ጉዳት ነው። እርስዎ ግን በእሷ ፈንታ ገብተው አይከራከሩ። አስተያየቱ ከጨዋነት ያለፈ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይፓይ የሥነ ምግባር ደንብና አቤቱታ የሚቀበል ኮሚቴ አለው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ኢንተርኔታችን ዘገምተኛ፣ ኮምፒዩተሩም አቅመ ደካማ ነው። ሳይፓይን ከምንጩ መገንባት አልሆነልንም።

መልስ፦ የኮዱን ታሪክ በሙሉ አታውርዱ፤ ጊት የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ የሚያወርድበት አማራጭ አለው። ሳይፓይ በውስጡ የሌሎች ፕሮጀክቶችን ኮድ በንዑስ ሞጁልነት ስለያዘ እነርሱን ማውረድ ግን አይቀርም። ከሲ እና ከሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የሚገነባው ክፍል አንዴ ከተገነባ በኋላ የተለወጠው ብቻ ይታደሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ግንባታ ኔትወርክም መብራትም በማይቋረጥበት ሌሊት ጀምሩት። ቴስት ስታስኬዱ የምትሠሩበትን ንዑስ ክፍል ብቻ አስኪዱ፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ያለውን ሙሉ ፍተሻ ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ወደ ዋናው ኮድ እንዲዋሐድ የሚቀርበው ጥያቄ) ሲከፈት የፕሮጀክቱ ሰርቨሮች ያስኬዱታል። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው አበርክቶ በንጹሕ ፓይተን በተጻፈ ፋይል ላይ ቢሆን ይቀልላል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኮዱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብናስጽፈውስ?

መልስ፦ እያንዳንዱን መስመር አበርካቹ ራሱ ማስረዳት ካልቻለ አይላክ። ፕሮጀክቱ ስለዚህ ያወጣውን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በመሣሪያው ከተጠቀማችሁም በግልጽ ተናገሩ። ከላይ የጠቀስሁትን የሎጋሪዝም ስሌት ባለ አንድ መስመሩን አድርጎ ቢጽፍላችሁ በምን ታውቁበታላችሁ?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፑል ሪኩዌስት ከላክን በኋላ ለሳምንታት መልስ አላገኘንም።

መልስ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትሕትና አንድ ማስታወሻ መጻፍ ነውር አይደለም። ለውጡ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከፋፍሉት፤ ትንሹ ቶሎ ይነበባል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር)፦ ተማሪዎቼ «ከዚህ ምን እናገኛለን?» ይላሉ። በዩኒቨርሲቲያችን የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው።

መልስ፦ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሳይፓይ የልቀት ማስታወሻ የአበርካቾችን ስም ይዘረዝራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባበረከቱት ስም አጠገብም የመደመር ምልክት ያደርጋል። ይህ ግን ለዕድገት ኮሚቴ ብዙ አይናገርም። የራሳቸውን ፓኬጅ የሠሩ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በተጀመረው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጆርናል ላይ በአቻ ተገምግሞ የሚታተም አጭር ጽሑፍ ማውጣት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ደግሞ አማካሪ መድቦ ክፍያ ይሰጣል፤ ከ2022 ወዲህ ለተማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሌሎች ጀማሪዎችም ተከፍቷል። ሳይኪት ለርን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ፕሮግራም ሥር ነው የተጀመረው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ኮዱ ተቀባይነት አግኝቶ ሲዋሐድ የእኔ ድርሻ ያበቃል?

መልስ፦ ገና ነው። ከዋናው ልቀት በፊት የሙከራ ልቀት ይወጣል፤ ተማሪዋ ያልጠበቀቻቸው ሰዎች ባልጠበቀችው ዳታ ላይ ፋንክሽኑን የሚሞክሩት ያኔ ነው። የመጀመሪያው የስሕተት ሪፖርት ሲመጣ መልሱን የምትጽፈው እሷ ትሁን፤ ስሕተቱን የሚያሳይ ቴስት በመጀመሪያ፣ ማረሚያውን ከዚያ በኋላ ትላክ። እርስዎ ከሌሎቹ ገምጋሚዎች እንደ አንዱ ያንብቡት።