መንጠቆውን ከመጣላችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በባሕር ዳርና በባቦጋያ መርከበኝነት ተምራችሁ፣ ሻንጣችሁን አዘጋጅታችሁ መርከብ የምትጠብቁ ሁሉ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ስለ ውል፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤተሰብ ናፍቆት የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ሻርክ ነው። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው። አሰብ ፊት ለፊት መልህቅ ጥለን ተራ እንጠብቃለን። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበረ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ወደቡ የእርዳታ እህል በጫኑ መርከቦች ተጨናንቆ ነበር፤ ሙቀቱ የመርከቡን ብረት እንደ ምጣድ ያግለዋል። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበርሁ። ሥራ የፈታ መርከበኛ እጁ አያርፍምና አንድ ሌሊት ከወጥ ቤት የተረፈ የበግ ሥጋ ወፍራም መንጠቆ ላይ ሰክተን፣ በሽቦ ገመድ አስረን ከመርከቡ ኋላ ጣልነው። ሻርክ ለመያዝ ነው። ለመብላት አስበን አልነበረም፤ ለመሸጥም አልነበረም። ሻርክ መገደል ያለበት ነገር ነው ብለን ስለምናምን ብቻ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ያዘ። ስድስት ሆነን ጎትተን አወጣነው። ራሱ እንደ መዶሻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የወጣ፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል የማያንስ መዶሻ ራስ ሻርክ ነበር። በብረት ዘንግ ቀጠቀጥነው። እኔም መትቻለሁ። ተጨበጨበ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን።

ጩኸቱን ሰምቶ የመርከበኞቹ አለቃ መጣ። የአፋር ሰው ነው፤ አባቱ ኢዲ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ቃል ሳይናገር አጠገቧ ተንበረከከ፣ ቢላዋውን አወጣና ሆዷን በጥንቃቄ ከፈተው። ግልገሎች ነበሩ። ሃያ ሁለት ቆጠርሁ። እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ የሚሆኑ፣ ምንም ያልጎደላቸው፣ የመዶሻቸው ጫፍ ብቻ እናታቸውን እንዳይጎዳ ወደ ኋላ የታጠፈ። ጥቂቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። ባልዲ በባሕር ውኃ ሞልቶ ሁለት ሁለቱን እያደረገ በገመድ ወደ ባሕር አወረዳቸው። ሁለቱ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሲሄዱ አይቻለሁ። የቀሩት እንደ ድንጋይ ሰመጡ። ሰውየው እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ወደ እኛ ዞረና «የፈራችሁት ይህችን ነው?» ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት አልነበረም።

እስከ ቀትር ድረስ ሥጋዋ መሽተት ስለጀመረ ገፍተን ጣልናት። ከእግራችን በታች፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ለተራበ ሰው የሚሄድ ስንዴ ተጭኖ ነበር። ይህን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።

ልጆቼ፣ ያ ጥላቻ ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ የደጋ ልጆች ባሕርን የምናውቀው በወሬ ነው። ልጅ ሳለን «ጅብ መጣልህ» እየተባልን እንዳደግነው ሁሉ፣ ባሕር ስንወጣም ሻርክ መጣ እየተባልን ነው የወጣነው። በእርግጥ ስለ ጅብ እንኳ አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አያስብም። ሐረር ብትሄዱ በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ማታ ገብቶ ቆሻሻውን አጽድቶ ይወጣል፤ በአሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል። ጅቡ ያው ጅብ ነው። ሐረሮች ግን ለብዙ ዘመን አጠገቡ ኖረው አመሉን አጥንተዋል።

ሻርክን እንዲህ አጥንቶ ያወራልን ሰው አላገኘንም። ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የአሜሪካ ፊልም ወጣና ሰው እያደነ የሚበላ፣ ቂም የሚይዝ ሻርክ ለዓለም ሁሉ አሳየ። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የጻፈው ሰው በኋላ በጽሑፉ ተጸጽቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለሻርኮችና ለውቅያኖስ ጥበቃ ሲሟገት ኖሯል። የእርሱን ጸጸት የሰማው ሰው ግን ፊልሙን ካየው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

እውነቱ ይህ ነው። ከ500 የሚበልጡ የሻርክ ዓይነቶች አሉ፤ ሰውን ይጎዳሉ ተብለው የሚፈሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ሰው ሳይነካው ሻርክ ሰውን ነከሰ ተብሎ የሚመዘገበው በዓመት ከ60 እስከ 70 ጊዜ ያህል ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለሞት የሚያበቃው በአማካይ 6 ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ አንዴ ነክሶ፣ የለመደው ምግብ እንዳልሆነ ሲያውቅ ትቶ ይሄዳል። በአንጻሩ ከውሻ በሚተላለፍ የእብደት በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ውሻን ግን በራችን ላይ አሥረን በስሙ እንጠራዋለን። እኛ የምንገድላቸው ሻርኮችስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በዓመት 100 ሚሊዮን ገደማ ብሎ ገምቶታል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የማተሚያ ስሕተት መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነውና። ሰርዲን ብታጠምዱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰርዲን አለ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። ሻርክ እንዲህ አይደለም። አረጋዊ እንስሳ ነው፤ ዘሩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ምድር ላይ ዛፍ ከመብቀሉ በፊት የነበረ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዘግይቶ ለአቅመ መውለድ ይደርሳል፣ ብዙዎቹ ዓይነቶችም እንደ ላም ወራት አርግዘው ጥቂት ይወልዳሉ። በሰሜን ዋልታ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት መሠረት ቢያንስ 272 ዓመት ይኖራል፤ ለመውለድ የሚደርሰውም በ150 ዓመቱ ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው ሳለ የተወለደ ሻርክ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በአንድ ሌሊት መንጠቆ ማውጣት ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት። እኛ ያን ጠዋት አንድ ሻርክ ገደልን ብለን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ የገደልነው ግን ሃያ አንድ ነው።

ከ1970 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩት ሻርኮችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ቁጥር በ71 በመቶ ቀንሷል። በቀይ ባሕር የሚገኙት ትልልቆቹ መዶሻ ራሶች ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። እኔ በወጣትነቴ አሰብ ላይ ከመርከብ ጎን ቆሜ ክንፋቸውን እቆጥር ነበር። በሥራዬ መጨረሻ ዓመታት በዚያው ባሕር ሳልፍ ሳምንት ሙሉ አንድ እንኳ ሳላይ ቀርቻለሁ።

ሻርክ ቢጠፋ ምን ይጎድላል ብሎ የጠየቀኝ አንድ ወጣት መኮንን ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው ያዩት ነገር አለ። ነብር ሻርክ በሚዞርበት ወራት የባሕር ኤሊዎችና ዱጎንግ የተባሉት ሣር በል እንስሳት አንድ ቦታ ተቀምጠው የባሕሩን ሣር ከሥሩ አይግጡትም፤ ፈርተው ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ሣሩ ያገግማል፤ በሣሩ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ይራባል፤ ያን ዓሣ ደግሞ ሰው ያጠምዳል። እረኛ የሌለው ከብት ማሳውን ምን እንደሚያደርገው ከገጠር የመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ሻርክ ሰው አይጎዳም አልልም። ውሸት ነግሬያችሁ ባሕር ላይ እንድትዋረዱ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ግብፅ ውስጥ ሻርም አል ሼክ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ዋናተኞች ተነከሱ፤ አንዲት ሴት ሞተች። እስራኤል ውስጥ በሐዴራ የኃይል ማመንጫው በሚያወጣው ሙቅ ውኃ ዙሪያ ሻርኮች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ በሚያዝያ 2025 አንድ ሰው እዚያ ሞቷል። በሁለቱም ቦታ ስለ ምክንያቱ ሲነገር የሰው እጅ ተነሥቷል። ሰዎች ምግብ እየሰጡ ወደ ራሳቸው ያስጠጓቸው ነበር። በሻርም አል ሼክ ደግሞ የቁም እንስሳት ከሚጭኑ መርከቦች ወደ ባሕር የተጣለ የሞተ በግ ሻርኮቹን ወደ ዳር ሳይስባቸው አልቀረም ተብሎ ተጠርጥሯል። ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረብ አገር በግና ፍየል የሚጭን መርከብ ላይ የምትቀጠሩ ትኖራላችሁ። መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማርፖል፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣል የሚለውን በፈተና ወቅት ሸምድዳችሁታል፤ ከዳርቻ ምን ያህል ማይል ርቃችሁ ምን መጣል እንደምትችሉ ታውቃላችሁ። ሌሊት ነው፣ ማንም አያየንም የሚል አለቃ ሲያጋጥማችሁ ያን በግ አስታውሱ። በማግሥቱ የሚዋኘው የሰው ልጅ ነው።

ስለ ክንፍም ልንገራችሁ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ወደቦች አንድ ቀን አንድ ሰው ጆንያ ይዞ ይቀርባችኋል። በጆንያው ውስጥ ያለው ደርቆ የተጠቀለለ፣ ላላወቀው ድርቆሽ የሚመስል ነገር ነው። የሻርክ ክንፍ ነው፤ ወደ ምሥራቅ እስያ ሄዶ ለሾርባ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ሻርኩ ክንፉ ተቆርጦ፣ በሕይወት እያለ ወደ ባሕር ተመልሶ ሲጣል ነው። ክንፍ የሌለው ሻርክ መዋኘት አይችልም፤ ወደ ታች ሰምጦ እዚያው ይሞታል። እኔን የጠየቀኝ ሰው የስድስት ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ ነበር የጠራልኝ፤ ልጄ ታማ ገንዘብ በጣም የሚያስፈልገኝ ወቅት ነበር። ያዳነኝ ያ ባልዲ ነው፤ ዓይኔ ላይ መጣና እምቢ አልሁት። ዛሬ ደግሞ ሕግም አለ። ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት አባል ናት፤ ስምምነቱም መዶሻ ራስ ሻርኮችን እ.ኤ.አ. በ2013 በቁጥጥሩ ሥር አስገብቷል። ያለ ፈቃድ ክንፍ ይዞ የተገኘ መርከበኛ ከነሥራው ይጠፋል። የላከው ነጋዴ ግን ስሙ እንኳ አይነሣም።

አሁን የምወደውን ልንገራችሁ። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ኅዳር ጅቡቲ ላይ ዕረፍት አግኝቼ በጀልባ ወደ አርታ ሄድሁ። ያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እኛ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ከምናራግፍበት ወደብ ብዙ አይርቅም። በየዓመቱ ከጥቅምትና ኅዳር አንሥቶ እስከ ጥር ዌል ሻርኮች እዚያ ይመጣሉ። በዓለም ላይ ካለው ዓሣ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሙሉ ቁመቱ ሲደርስ እስከ 18 ሜትር ይሆናል። ወደ ታጁራ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። የሚበሉት በዓይን የማይታይ ሊባል የሚችል ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ነው፤ አፋቸውን እንደ በር ከፍተው ውኃውን ያጣራሉ። ጭምብል አጥልቄ ገባሁ። አምስት ሜትር የሚሆን ሻርክ ከጎኔ አለፈ፤ ጀርባው ላይ በጠራ ሌሊት እንደሚታይ ሰማይ ነጫጭ ነጥቦች ተረጭተውበታል። ዓይኑ ትንሽ ናት። አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ከውኃው ስወጣ እያለቀስሁ ነበር፤ ጀልባ ነጂው ውኃ ገብቶብኝ መስሎት ጀርባዬን ይመታኝ ጀመር።

ያ ሻርክ ጀርባው ላይ ጥልቅ ጠባሳ ነበረው፤ የመርከብ ወይም የጀልባ መዘውር የቆረጠው። በታጁራ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ አላቸው። ትልቅ መርከብ ሲገጫቸው ደግሞ ጠባሳም አይቀር፤ ሞተው ይሰምጣሉ፣ እኛም ሞተር ክፍል ውስጥ ሆነን ምንም አይሰማንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የዌል ሻርክ መንገድና የመርከብ መንገድ በአብዛኛው ተደራርቦ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ጅቡቲ ስትገቡ ድልድዩ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ላይ ተረኛ የሆናችሁ ዓይናችሁን ከውኃው አትንቀሉ፤ ሞተር ክፍል ያላችሁ ደግሞ ፍጥነት ቀንሱ ሲባል አታጉረምርሙ።

ዕረፍት አግኝታችሁ አርታ ከሄዳችሁም አትንኩት፣ መንገዱን አትዝጉበት። ፎቶግራፍ ግን አንሡ። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ የነጥብ አጣጣል እንደ እኛ የጣት አሻራ የራሱ ነው፤ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት የጠፈር ሊቃውንት የከዋክብትን ፎቶግራፍ ለማመሳሰል በሠሩት የኮምፒውተር ስሌት ነው። ለዚህ የሚፈለገው የግራ ጎኑ ነው፤ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ በስተኋላ፣ ከጎን ክንፉ በላይ ያለው ክፍል። ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ጠባሳ ካለውም እርሱን ለብቻ አንሡልኝ።